የላመ መኖ

ባለወፍጮው ከአማቱ እጅ የዶሮ ቤቱን ቁልፍ የተቀበለ ዕለት፣ ያች የጣት ቁመት የሌላት ቁልፍ አንድ ኩንታል በቆሎ ያህል ከበደችው። በአሥራ አንድ ዓመት የአማችነት ዘመኑ እኚህ ሴትዮ መርፌ እንኳ አደራ ብለው አስቀምጠውበት አያውቁም። ሰፈርተኛው «እማማ ሚዛን» ይላቸዋል፤ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ከሚገባው በላይ አንዲት ግራም አይጨምሩም። የዓይናቸውን ሞራ ሊያስገፍፉ ሌላ ከተማ ወዳለው ወንድ ልጃቸው ዘንድ መሄዳቸው ነው። ሻንጣቸው በር ላይ ቆሟል፤ ታክሲው ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል፤ እሳቸው ግን ምድር ብትገለበጥ አረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ የሚነቃነቁ ሰው አይደሉም።

«ዶሮዎቹ ዘጠና ስድስት ናቸው፤ ዛሬ ሰማንያ ሁለት ጥለዋል» አሉት። «እኔ አርጅቻለሁ። ዓይኔ ቢድን ጉልበቴ አይድንም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ስመለስ የዕለቱን እንቁላል በገዛ እጄ እለቅማለሁ። ሰባ አምስት ከሞላ ዶሮዎቹም የዶሮ ቤቱም የልጄ፣ የሚስትህ ናቸው፤ ያንን የሰው አንሶላ ማጠብ ትታ ቁጭ ትበል። ከሰባ አምስት አንድ ከጎደለ ግን ዶሮ ነጋዴው ሳጥኑን ይዞ ይመጣል፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ዶሮ መያዝ በማይችል ሰው ላይ ዶሮ ጥዬ አልሞትም።»

«እማማ፣ ሰማንያ ሁለት ደግሞ ቁጥር ነው? ሺህ አደርግልዎታለሁ እኮ!»

«ዘጠና ስድስት ዶሮ ሺህ እንቁላል አይጥልም» አሉና ታክሲው ውስጥ ገቡ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጨመሩለት፦ «መኖው ስድስት ጆንያ ተዘጋጅቷል። ጠዋትና ማታ ስጣቸው። ሌላ ምንም አታድርግ።»

ለዚህ ሰው ከዚህ የባሰ ትእዛዝ አልነበረም። ድንጋይ ተሸከም ቢሉት ተራራ ይሸከማል፤ «ምንም አታድርግ» ግን ከአቅሙ በላይ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ሺ» የሚለው በከንቱ አይደለም። አምስት ደንበኛ ተሰልፎ ካደረ ሺህ ነው፤ ጉንፋን ከያዘው ሺህ ጊዜ አስነጥሷል። በአንድ ነገር ግን አጋንኗል የሚለው ሰው አልተገኘም፤ በዱቄቱ። ከእሱ ወፍጮ የወጣ ዱቄት ነፋስ አያሻውም፣ ክፉ ሐሳብ ካለፈበት ይበናል። ሦስት ሰፈር ተሻግረው ወደ እሱ የሚመጡ ሴቶች አሉ። አንዲት ሴት ብቻ፣ የገዛ አማቱ፣ ለዶሮዎቻቸው የሚሆነውን በቆሎ አስጭነው በበሩ እያለፉ ቁልቁል ወርደው፣ ድንጋዩ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ባለቀ በታችኛው ወፍጮ ያስፈጫሉ። አሥራ አንድ ዓመት! በበሩ ባለፉ ቁጥር ወፍጮውን አጥፍቶ እስኪርቁ በዓይኑ ይሸኛቸዋል።

ስለዚህ ቁልፉን በያዘ በሰዓቱ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈትቶ እጁን ሰደደ፤ ያየውን ማመን አቃተው። በቆሎው ለሁለት ለሦስት ተሰንጥቆ እንጂ ተፈጭቶ አይደለም። ፉርሽካው ሰፋፊ ነው። የኑጉ ፋጉሎ እንደ ጓል ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክል የኖራ ድንጋይ ጠጠር!

«ድንጋይ!» አለ ለብቻው ጮኾ። «ሴትዮዋ ድንጋይ ነው የሚያበሏቸው! በድንጋይ ሰማንያ ሁለት ከጣሉ፣ በኔ ዱቄት ምን ሊጥሉ ነው?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደንበኞቹን «ነገ ኑ» ብሎ መለሰና ስድስቱንም ጆንያ በወፍጮው አሳለፈ፤ በቆሎውን፣ ፋጉሎውን፣ ጠጠሩን ሳይቀር። ከዚያ በወንፊት ነፋው። ሲጨርስ መኖው ለሕፃን ገላ የሚነሰንሱት ዱቄት መስሎ ነበር። በጣቶቹ መሐል ሲያሸው ኩራት ኩራት አለው።

ለኩራቱ ብቻም አይደለም፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነው። ሚስቱ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ትውልና ማታ ስትገባ እግሮቿ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍተው ጫማዋ አይወልቅም። እሱ በርከክ ብሎ በሁለት እጁ እየሳበ ያወልቅላታል። ጫማው ሲወጣ የምታሰማት ድምፅ አለች፤ ልቅሶም አይደለች፣ እፎይታም አይደለች። ያችን ድምፅ ከሰማ በኋላ እራት በደንብ አይበላለትም። ሰባ አምስት እንቁላል ማለት ለእሱ ያችን ድምፅ ዳግመኛ አለመስማት ነው።

በማግስቱ ሰማንያ ተለቀመ። «መንገድ ላይ ናቸው፣ ሊለምዱት ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ሰባ አራት። በአምስተኛው ስልሳ ስድስት። ዶሮዎቹ መመገቢያው ጫፍ ላይ ቆመው ዱቄቱን በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፤ አንገታቸውን ያዘነብላሉ፤ አንዴ ይነኩትና ያነጥሳሉ። ዶሮ ስታነጥስ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ምን እንደቀረበት አያውቅም፤ ዘጠና ስድስቱ ባንድ ላይ ሲያነጥሱ ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ይነሣል።

አማቱ በየማታው ይደውላሉ። ስልኩን የሚያነሣው እሱ ነው።

«ስንት?»

«ሰማንያ አንድ፣ እማማ!»

«ደህና።» ጥርቅም።

ሰማንያ አንድ ያለበት ቀን የተለቀመው ሃምሳ ስምንት ነበር። በዕድሜው ያጋነነው ሁሉ እንደ ጢስ በኖ የሚጠፋ ነበር፤ ይህች ውሸት ግን አልበነነችም። ሌሊት አገላብጣ ታስነሣዋለች። ጠዋት ሊለቅም ሲገባ እጁን ወደ እንቁላል መጣያው ሳጥን እንደ ሌባ ይሰዳል። ባዶ። ባዶ። አንድ። ባዶ።

ጎረቤቱ አናጢው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያየዋል። አናጢው በሰው ጭንቀት የሚወፍር ዓይነት ሰው ነው፤ ክፋት ግን የለበትም።

«ጋሽ ሺ፣ ዛሬስ ስንት መቶ ሺህ ጣሉልህ?»

«ዝም በል ወንድሜ፣ ላባቸውን እያራገፉ ነው።»

«አንተን እያዩ ነዋ! ራሰ በራነት በዓይን ይጋባል።»

«እየቀለድክ ነው? ሚስቴ እኮ…»

አናጢው ያኔ ፈገግታውን ሰበሰበ። ሬዲዮ ክፈትላቸው አለው፤ ከፈተላቸው። መብራቱን አምሽተህ አጥፋ አለው፤ አምሽቶ አጠፋ። ውሃቸው ላይ ስኳር በጥብጥ አለው፤ በጠበጠ። ሃምሳ አንድ። አርባ ስድስት። በዘጠነኛው ቀን እጁን ሳጥን ውስጥ ሲሰድ አንድ ለስላሳ፣ ሞቃት፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ዳሰሰ። አወጣው። እንቁላል ነው፤ ግን ቅርፊት የለውም። በስስ ቆዳ የተጠቀለለ ውሃ። መዳፉ ላይ ዓይን መስሎ ያየዋል። ከኋላው ሁለት ዶሮዎች የተሰበረ እንቁላል ላይ እየተጋፉ ይበላሉ። የገዛ እንቁላላቸውን!

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪሟን ጠራ። የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አንዷን ዶሮ ከብብቷ ሥር ሸጉጣ ዓይኗን አየች፣ ደረቷን ዳበሰች፣ ምንቃሯን በጥፍሯ ፋቀች። ከምንቃሩ ላይ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ቅርፊት ተነሣ። ከዚያ ወደ መመገቢያው ሄዳ ዱቄቱን በጣቷ ነካች።

«ይሄን የፈጨው ማነው?»

በዚያ ጭንቅ መሐል እንኳ ደረቱ ትንሽ ተነፋ። «እኔ ነኝ። በእጄ።»

«ጋሼ፣ አሳምረው ፈጭተውታል።»

«አመሰግናለሁ።»

«ማመስገን አይደለም እኮ። አንዷም አልታመመችም፤ ተርበው ነው።»

«ምን? መመገቢያው ሞልቶ እየፈሰሰ!»

«ዶሮ ትለቅማለች እንጂ አትልስም። ዱቄቱ በምራቃቸው እየተቦካ ምንቃራቸውን ገጠመው። ደግሞ የራሷ ወፍጮ አላት፣ ሆዷ ውስጥ፤ በጠጠር የሚፈጭ። እርስዎ ሥራ አስፈቷት።»

ባለወፍጮው የሚያውቀው ተፎካካሪ የታችኛውን ወፍጮ ብቻ ነበር፤ ዘጠና ስድስት ተፎካካሪ በአንድ ግቢ እንዳለው ግን የሰማው ያኔ ነው።

«የኖራ ድንጋዩስ?» አለች ሐኪሟ።

«እሱም… ላመ።»

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «ቅርፊቱ የሚሠራው ተኝተው ነው። ጠጠር ከሆነ ሆዳቸው ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ እየሟሟ ሌሊቱን ያዘልቃቸዋል። ዱቄቱ ግን ሳይመሽ አልፎ ይወጣል፤ ማታ ቅርፊት ከምን ይሥሩ?»

«በስንት ቀን ይመለሳሉ?»

«አሥር ቀን። ሁለት ሳምንት። ላባ ማራገፍ የጀመሩት ይዘገያሉ።»

በጣቶቹ ቆጠረ። አማቱ ሊመለሱ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል።

ሐኪሟ ከወጣች በኋላ ግን ያ የቆየ ጠባዩ ተነሣበት። ትናንት የተመረቀች ልጅ የሠላሳ ዓመት ወፍጮ ልታስተምረኝ ነው? ሁሉን ባንዴ ለውጬ ደግሞ ብሶ ሁሉን ባጣስ? አንዴ ነካሁና እንዲህ ሆነ፤ ሁለተኛ ብነካ ምን ይውጠኛል? መመገቢያው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሚስቱ ገባች። የዕረፍት ቀኗ መሆኑን ጭንቀቱ አስረስቶት ነበር። ቅርጫቱን አየች። በዓይኗ ቆጠረች፤ የእናቷ ልጅ ናት።

«አርባ አንድ» አለች። «ትናንት ለእማዬ ሰማንያ ምናምን አላልክም?»

«ያው ግማሹ…»

«ግማሹ የት ሄደ?»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ወፍጮውን፣ ወንፊቱን፣ ጠጠሩን፣ ሐኪሟን። ሚስቱ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት።

«እማዬ በበርህ የምታልፈው ንቃህ መስሎህ ነው?» አለችው።

«ታዲያ ለምንድነው?»

«‹የሱ ዱቄት ለሰው ነው፣ ለዶሮ ይልማል› ትላለች። ሁልጊዜ ነው የምትለው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬህ ነበር። ስለ ራስህ እያወራህ ነበር።»

ያን ዕለት ማታ ስልኩን ያነሣችው እሷ ናት። «ስንት?» ሲሉ ከወዲህ ተሰማ። «እማዬ፣ ስትመጪ ትቆጥሪያለሽ» አለች። ጥርቅም፤ ያለ «ደህና»።

በማግስቱ አናጢውን ይዞ ዶሮ ቤቱን በወንፊት ሽቦ ሦስት ቦታ ከፈለው፤ በየክፍሉ ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሁለት ዶሮ። ለመጀመሪያው ክፍል ያንኑ የላመውን ዱቄት ተወላቸው። ለሁለተኛው ዱቄቱን በውሃ አርሶ፣ ፍርፍር አድርጎ። ለሦስተኛው ግን ሐኪሟ እንዳለችው አዲስ በቆሎ ገርደፍ አድርጎ፣ ፉርሽካውን ሳይነፋ፣ ጠጠሩን እንደ ጠጠርነቱ።

«ሚስትህ ለእግሯ ትጨነቃለች፣ አንተ ምርምር ጀመርክ» አለ አናጢው ሚስማር በአፉ ይዞ።

«ያላየሁትን አላምንም።»

«አማትህ ሲመጡ ታያለህ።»

ሦስተኛውን መኖ ለማዘጋጀት የወፍጮውን ድንጋይ ከፍ ማድረግ ነበረበት። ይህን በሠላሳ ዓመት አድርጎት አያውቅም። ሰልፍ የያዙት ሴቶች ድምፁ መለወጡን ሰምተው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። አንዷ ከመውረጃው የሚወርደውን ስንጥር በቆሎ አይታ፣ «ጋሼ፣ ድንጋዩ ተበላ እንዴ? ምነው ታመምክ?» አለችው። ሌላዋ ነጠላ ጫማዋን እያስተካከለች፣ «በሉ ወደ ታችኛው እንውረድ» አለች። እሱ የሚፈጨው ለዶሮ ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም። ላብ በጆሮው ግንድ እየወረደ፣ በሕዝብ ፊት ሱሪው የወለቀ ሰው ይመስል ግርድፉን በጆንያ ሞላ።

በየክፍሉ ለብቻ ይለቅማል፤ በጠመኔ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱም እኩል ናቸው፤ እንዲያውም የሦስተኛው ክፍል በአንድ ያንሳል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በሁለተኛውም ቀን ለውጥ የለም። በሦስተኛው ቀን ግን ከቁጥሩ በፊት ድምፅ ሰማ። በላመው ክፍል ጸጥታ ነው፤ አልፎ አልፎ ማነጠስ። በረጠበው ክፍል ትንሽ ግፊያ አለ፤ እስኪደርቅ ይበላሉ፣ ሲደርቅ ይተዉታል። በሦስተኛው ክፍል ግን ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ! ሠላሳ ሁለት ምንቃር ባንድ ላይ። ባለወፍጮው ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ አዳመጠ። የገዛ ወፍጮው እንኳ እንዲህ አምሮ ተናግሮ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ከላመው ክፍል አሥራ አንድ፣ ከረጠበው አሥራ አምስት፣ ከግርድፉ አሥራ ዘጠኝ። የግርድፉን እንቁላል በጥፍሩ መታው፤ ቅርፊቱ ቋ አለ።

በሰዓቱ የቀረውን ዱቄት ከየመመገቢያው ጠርጎ አወጣና ለሦስቱም ክፍል ግርድፍ ሰጠ። አሁን የቀረው ከቀን ጋር መሽቀዳደም ነበር። ሰባት ቀን አለኝ ይላል፤ ሰባት ቀን ይበቃኛል፣ ካልበቃኝስ፣ በየቀኑ አራት አራት ቢጨምሩ፣ ሦስት ሦስት ቢጨምሩስ? መንገድ ላይ ይቆጥራል፣ ወፍጮ ላይ ይቆጥራል፣ ደንበኛ «እንዴት ዋልክ?» ሲለው «ሃምሳ ሦስት» ብሎ መለሰ። ሃምሳ ሰባት። ስልሳ አንድ። ስልሳ አራት። አማቱ ይመለሳሉ በተባለው ቅዳሜ ሰባ አምስት ይሞላል።

ሐሙስ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «አውቶቡስ ውስጥ ነኝ» አሉ እማማ ሚዛን። «ስምንት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። እንቁላሉን እንዳትለቅሙ።» ጥርቅም።

ባለወፍጮው ደንበኞቹን መለሰ። ወፍጮውን ዘጋ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ በየሳጥኑ አጮልቆ ቆጠረ፤ ስልሳ ስድስት። ሰባት ሰዓት ላይ፤ ስልሳ ስምንት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አሁንም ስልሳ ስምንት። አንዲት ዶሮ ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ታምጣለች፤ እሱም አብሯት አማጠ፤ ተነሥታ ወጣች፣ ባዶ። ሰባት ጎደለ። ሰባት! ሮጦ ጥግ ያለው ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ «ዶሮ ያለው ሰው እንቁላል ይገዛል?» ብሎ ሳቀበት፤ እሱ አልሳቀም። ሰባቱን በኮቱ ሁለት ኪሶች ከፍሎ ይዞ ተመለሰ።

መጣያ ሳጥኖቹ ፊት ቆመ። እጁ ኪሱ ውስጥ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ አምስቱን ሃምሳ፣ ሃምሳውን ሺህ ሲያደርግ የኖረ ሰው፣ ስልሳ ስምንት ላይ ሰባት መጨመር ምን ያቅተዋል? እንቁላሉ መዳፉ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው። የሌሎቹ ሙቀት ከሳጥኑ ወደ ጣቶቹ ይመጣል።

«ትጨምራለህ?»

ዞረ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ የመጣችው ከነሽርጧ ነው። እግሮቿ ከጫማው አፍ በላይ ተነፍተዋል።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ጨምር። ነገስ? ሰባት ሰባት እየገዛን ሳጥን ውስጥ እያስቀመጥን ልንኖር ነው?»

አፉን ሊከፍት ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። እማማ ሚዛን ገቡ፤ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ከኋላቸው ነጋዴው ባዶ ሳጥኖች ተሸክሞ በትሕትና ጫማውን ይጠርጋል። ባለወፍጮው እጁን ከኪሱ አውጥቶ «እንኳን ደህና መጡ እማማ!» እያለ ተንደረደረ፤ ምን ያድርግ፣ አማት ናቸው። አቀፋቸው። እሳቸውም፣ ዓይናቸው ስለዳነ ነው መሰል፣ ከወትሮው አጥብቀው ሳቡት። ቀጭ።

ሁለቱም ቆሙ። አስኳሉ ከኮቱ ጫፍ ወርዶ ጫማው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እማማ ሚዛን መነጽራቸውን አወለቁ። አዲሱ ዓይናቸው ከአስኳሉ ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ ፊቱ ወጣ።

«ኪስህ ውስጥም ዶሮ አለች?»

ያኔ ተናገረ። ጆንያውን ከፈታበት ሰዓት ጀምሮ፣ ጠጠሩን መፍጨቱን፣ በስልክ የዋሸውን፣ ሽቦውን፣ ሰባቱን እንቁላል። ሳይጨምር ሳይቀንስ። «ስልሳ ስምንት ነው፣ እማማ» አለ መጨረሻ ላይ። ቁጥሩ እንዳለ ሲወጣ ባዕድ ቋንቋ የተናገረ መሰለው።

እማማ ሚዛን ቅርጫት ይዘው ገቡ። በየክፍሉ ለብቻ ለቀሙ፤ በየክፍሉ መመገቢያውን ዳሰሱ፣ ዶሮዎቹን ደረታቸውን ያዙ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የጠመኔ ቁጥር ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሚስቱ የበሩን ቋሚ ይዛለች። ነጋዴው ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ከዚህኛው አሥራ ሰባት» አሉ ሲወጡ። «ከመሐለኛው ሃያ ሁለት። ከወዲያኛው ሃያ ዘጠኝ። ስልሳ ስምንት፤ እውነትህን ነው።»

«እማዬ፣ እየተመለሱ ነው እኮ» አለች ልጃቸው። «አንድ ሳምንት ብትታገሺን…»

«ሰባ አምስት ብያለሁ። ስመለስ ብያለሁ።» ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡ። በጣቶቻቸው አንድ ነገር ሲያሰሉ ቆዩ። «ሰባ አምስት ለሦስት ሲካፈል ሃያ አምስት ነው። ይሄ ክፍል ሃያ ዘጠኝ ሞልቷል። እነዚህ ሁለቱ አልሞሉም።» ወደ ባለወፍጮው ዞሩ። «ያበላኻቸው ለልጄ። የፈጨህባቸው ለነጋዴው።»

ባለወፍጮው ተንበረከከ፤ ጉልበታቸውን ሊይዝ። «እማማ፣ ሺህ ጊዜ…»

«ሺህ አትበለኝ! ተነሥ። ልብስህ ላይ እንቁላል አለ።»

ስልሳ አራቱ ተጫኑ። ሳጥኖቹን ለነጋዴው የሚያቀብለው እሱ ራሱ ሆነ፤ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። አንዳንዶቹ በመዳፉ ሥር ደረታቸው መሙላት ጀምሯል። በሳጥኑ ክፍተት አንገታቸውን አውጥተው በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፤ ያን ዱቄት ያዩት እንደነበረው። እማማ ሚዛን መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ቆመው ጠበቁና፣ መነጽራቸውን አድርገው ሊተኙ ገቡ። ሲያልፉ የልጃቸውን ትከሻ ነካ አደረጉ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ግራም አልጨመሩም።

ሚስቱ ሦስተኛው ክፍል ገብታ ባልዲው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን ራሷ አውልቃለች። ሠላሳ ሁለቱ ዶሮዎች በእግሮቿ ዙሪያ ይለቅማሉ።

«ሠላሳ ሁለት ከአጠባው ለመላቀቅ አይበቃም» አለ ሽቦውን ይዞ። «አይደል?»

«ለግማሽ ቀን ይበቃል። ነገ አለቃዬን ከሰዓት በኋላ ብቻ ልግባ እላታለሁ።»

«እምቢ ካለችሽስ?»

የምታስበው እሱኑ እንደነበር ከፊቷ አወቀ። ከጆንያው አንድ እፍኝ ጠጠር ዘግና መመገቢያው ላይ በጣቶቿ መሐል ቀስ አድርጋ አንጠባጠበችው፤ ዶሮዎቹ ተሯሯጡ።

«ጠዋት ጠዋት የማበላቸው እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ውሃ ቅዳ። መኖው አጠገብ ግን እንዳላይህ።»

«እሺ» አለ። መጥረጊያውን አንሥቶ ከሁለቱ ባዶ ክፍሎች ላባውን መጥረግ ጀመረ።